ሌ ኮንግ ቪን

ሌ ኮንግ ቪን (ታኅሣሥ 1 ቀን 1978 ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 10 ቀን 1985 ተወለደ) የቀድሞ የቬትናም እግር ኳስ ተጫዋች ነው። በአጥቂነት ይጫወት ነበር። ለቬትናም ብሔራዊ ቡድን በ83 ጨዋታዎች 51 ጎሎችን በማስቆጠር የአገሪቱን የጎል ክብረ ወሰን ይዟል። በአውሮፓ የአንደኛ ደረጃ ሊግ የተጫወተ የመጀመሪያው ቬትናማዊም እሱ ነው። በቬትናም ልማድ የቤተሰብ ስም ከፊት ስለሚቀመጥ ተጫዋቹ በአብዛኛው «ኮንግ ቪን» ተብሎ ይጠራል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አነሳስ

ኮንግ ቪን የተወለደው በሰሜን ማዕከላዊ ቬትናም፣ በንጌ አን ክፍለ ሀገር ነው። በክፍለ ሀገሩ ክለብ በሶንግ ላም ንጌ አን ወጣት ቡድን ካደገ በኋላ ወደ ዋናው ቡድን ገባ። በዚያ ዘመን ብዙ የቬትናም ክለቦች የአጥቂነቱን ቦታ ለአፍሪካና ለብራዚል ተጫዋቾች ይሰጡ ስለነበር፣ ለአገር ልጅ አጥቂ ቦታ ማግኘት ቀላል አልነበረም። እሱ ግን በ2004 ለብሔራዊ ቡድን ተመርጦ መጫወት ጀመረ። የአገሪቱ ምርጥ ተጫዋች የሚሸለመውን የቬትናም የወርቅ ኳስም ሦስት ጊዜ፣ በ2004፣ በ2006 እና በ2007 አሸንፏል።

ብሔራዊ ቡድን

ቬትናም ከሌሎች ሦስት አገሮች ጋር ባስተናገደችው የ2007 የእስያ ዋንጫ፣ ቡድኗ የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶችን 2 ለ 0 ሲያሸንፍ ሁለተኛውን ጎል ያስቆጠረው ኮንግ ቪን ነበር። ቡድኑ እስከ ሩብ ፍጻሜ ደርሶ፣ በኋላ ዋንጫውን በወሰደችው በኢራቅ ተሸንፎ ወጣ።

በሥራ ዘመኑ ትልቁ ጎል የተቆጠረው ዲሴምበር 28 ቀን 2008 ነው። በደቡብ ምሥራቅ እስያ ዋንጫ ፍጻሜ፣ በፖርቱጋላዊው አሠልጣኝ ኤንሪኬ ካሊስቶ የሚመራው ቡድን የመጀመሪያውን ጨዋታ ባንኮክ ላይ 2 ለ 1 አሸንፎ ነበር። ሃኖይ በሚገኘው ሚ ዲን ስታዲየም በተደረገው የመልስ ጨዋታ ግን ታይላንድ ቀድማ በማስቆጠሯ ድምር ውጤቱ 2 ለ 2 ሆነ። መደበኛው 90 ደቂቃ አልቆ በተጨመረው ሰዓት ንጉየን ሚን ፉኦንግ የቅጣት ምት አሻማ፤ ኮንግ ቪንም ኳሷን በጭንቅላቱ ገጭቶ ከመረብ አገናኛት። ቬትናም በድምር ውጤት 3 ለ 2 አሸንፋ ይህን ዋንጫ ለመጀመሪያ ጊዜ አነሣች።

ከዚያ በኋላ ግን ዋንጫውን ዳግም አላገኘውም። በ2014 ቬትናም በግማሽ ፍጻሜው ማሌዥያን በሜዳዋ 2 ለ 1 ብታሸንፍም፣ ሃኖይ ላይ 4 ለ 2 ተሸንፋ ወደቀች። በ2016ም በተመሳሳይ ደረጃ በኢንዶኔዥያ ተሸነፈች። ኮንግ ቪን ከዚህ ሽንፈት በኋላ ከተጫዋችነት ራሱን አገለለ። ቬትናም ለሁለተኛ ጊዜ ዋንጫውን የወሰደችው በ2018፣ እሱ ከሜዳ ከራቀ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው።

ክለቦች

ከ2008 ፍጻሜ ጥቂት ቀደም ብሎ ወደ ሃኖይ ቲ ኤንድ ቲ የተዛወረ ሲሆን፣ ክለቡ የ2010ን የቬትናም ሊግ ዋንጫ አሸንፏል። በ2009 በፖርቱጋል የአንደኛ ደረጃ ሊግ ይወዳደር ለነበረው፣ መቀመጫውን በማቶዚኞስ ከተማ ላደረገው ሌሾይንስ ክለብ በውሰት ተሰጠ። በዚያ የቆየው ለጥቂት ወራት ብቻ ሲሆን የመሰለፍ ዕድሉም ጠባብ ነበር።

በ2013 በጃፓን ሁለተኛ ዲቪዚዮን ይወዳደር ለነበረው ለኮንሳዶሌ ሳፖሮ፣ እንደገና በውሰት ተሰጥቶ በ9 የሊግ ጨዋታዎች 2 ጎሎች አስቆጠረ። የውሰት ጊዜው ሲያበቃ ወደ አገሩ ተመለሰ፤ በኋላም ለቤካሜክስ ቢን ዱዎንግ ፈርሞ ከዚህ ክለብ ጋር በ2015 የሊጉ ሻምፒዮን ሆነ።

ከተጫዋችነት በኋላ

ጫማውን እንደሰቀለ በ2017 ወደ ከፍተኛው ሊግ ያደገውን የሆ ቺ ሚን ከተማ ክለብ በተጠባባቂ ሊቀ መንበርነት ለአንድ ዓመት ያህል መርቷል። በ2018 ደግሞ «89ኛው ደቂቃ» የሚል ትርጉም ያለው የሕይወት ታሪኩን አሳትሟል።

በውጭ አገር ክለቦች ያሳለፈው ጊዜ አጭር ቢሆንም፣ ሌሎች ቬትናማውያን በዚያው መንገድ ሄደዋል። ንጉየን ኮንግ ፉኦንግ በ2016 ወደ ጃፓን፣ ዶአን ቫን ሃው በ2019 ወደ ኔዘርላንድ፣ ንጉየን ኳንግ ሃይ ደግሞ በ2022 ወደ ፈረንሳይ አምርተዋል። አብዛኞቹ እንደ እሱ ብዙ ሳይቆዩ የተመለሱ ሲሆን፣ የ51 ጎል ክብረ ወሰኑንም እስካሁን የደረሰበት ቬትናማዊ የለም።