የጀሪፍ ማታዎች፦ የወታደር ልጆችና ሬዲዮ

በግንቦት 1983 ዓ.ም. ኤርትራ የነበረው ሁለተኛው አብዮታዊ ሠራዊት ሲበተን ባሕር ኃይሉ መርከቦቹን ይዞ ወደ የመን ተሻገረ፤ እግረኛው በከረን አድርጎ ወደ ከሰላ ነጎደ። ሱዳን ከገባው በሺዎች የሚቆጠር ወታደር ብዙው ወደ አገሩ ተመለሰ፤ የቀረው ቀረ። ከቀሩት መካከል ሚስትና ልጆቻቸውን ያስመጡ ወይም እዚያው ጎጆ የቀለሱ ነበሩ፤ ካርቱም ከገቡ በኋላ ካረፉባቸው ሰፈሮች አንዱ ጀሪፍ ነው። ዓባይ ዳር ያለ፣ የጡብ ማቃጠያ ጭስ የማይለየው፣ ሐበሻ የበዛበት ሰፈር። ትናንት ሻለቃና መቶ አለቃ የነበረው አባት ዘበኛ ወይም ሾፌር ሆኖ ያድራል፤ ማዕረጉ ከበራፍ ውጭ አይሠራም። ቤት ውስጥ ግን አንድ የሚያዝዘው ነገር ቀርቶለታል፤ ሬዲዮው።

በሙቀቱ ወራት የጀሪፍ ሰው የሚተኛው ውጭ፣ ሆሹ (ግቢው) ውስጥ፣ አንገረብ (የገመድ አልጋ) ላይ ነው። ሬዲዮውም አብሮ ይወጣል። አጭር ሞገድ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ይጠራል፤ የሰማዩ የላይኛው ንብርብር ሞገዱን እያንጸባረቀ ከሩቅ ስለሚያደርሰው፣ ቀን ሹክሹክታ የነበረው ጣቢያ ማታ አጠገብ ያለ ይመስላል። ያም ሆኖ መጥፋት መምጣቱ አይቀርም። አንዱ ልጅ አንቴናው ላይ የታሰረውን ሽቦ ይዞ እንዲቆም ይታዘዛል፤ ድምፁ ሲጠራ «እንዳትነቃነቅ!» ይባላል። ባትሪው ሲደክም ፀሐይ ላይ ማስጣትም የልጆች ሥራ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1965 የጀመረው የጀርመን ድምፅ እና በ1982 የጀመረው የአሜሪካ ድምፅ የአባቶች ነበሩ። ዜና ሲነበብ ልጅ አይተነፍስም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የካርቱም ሰዓት ከአዲስ አበባ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ስለነበር፣ አዲስ አበባ ምሽት 3 ሰዓት ላይ ይሰማ የነበረው የአሜሪካ ድምፅ ጀሪፍ የሚደርሰው በ2 ሰዓት ነበር። እ.ኤ.አ. በጥር 2000 ሱዳን ሰዓቷን አስተካክላ ከኢትዮጵያ ጋር እኩል አደረገች፤ በ2017 ደግሞ መልሳ አወረደችው።

ለልጆች የሚተርፈው ከዜናው መሐል የሚገባው ዘፈን፣ ከኢትዮጵያ ሬዲዮ የሚያዝ ትረካና ጨዋታ፣ ቀን ቀን ደግሞ የጎረቤቱ ኡምዱርማን ሬዲዮ ነበር። አንዱም ለእነሱ ተብሎ የተዘጋጀ አይደለም። እዚህ ላይ አስመራ በነበረው የአሜሪካ ጦር ሰፈር፣ ቃኘው ጣቢያ፣ ያደጉትን የወታደር ልጆች ማስታወስ ይገባል። ኮሪያ በዘመተው የኢትዮጵያ ሻለቃ ስም የተጠራው ያ ሰፈር በራሱ ቋንቋ የሚያሰራጭ ሬዲዮ ነበረው፤ በ1957 ዓ.ም. የአዲስ አበባው ቴሌቪዥን ከመጀመሩ በፊት የራሱ ቴሌቪዥንም ነበረው። መንግሥታቸው ልጆቹ ባሕር ማዶ ሆነው የአገራቸው ጨዋታ እንዳይቀርባቸው አስቦላቸዋል። ለጀሪፍ ልጆች ማንም አላሰበም፤ አባቶቻቸውን የላከው ጦር ራሱ ፈርሷል።

ይሁንና ያ የፈረሰው ጦር በሌላ መንገድ ወደ ሆሹ ይገባ ነበር። በሬዲዮ የሚመጣውን የድሮ ዘፈን ማን ሠራው? ጥላሁን ገሠሠ፣ ብዙነሽ በቀለና ማሕሙድ አሕመድ ከክቡር ዘበኛ፤ ሒሩት በቀለ ከፖሊስ ሠራዊት ኦርኬስትራ። የኢትዮጵያ ዘመናዊ ሙዚቃ ጉልህ ድርሻ የደንብ ልብስ ለብሶ ያደገ ነው። አባት በዜናው ሰዓት ፊቱን ያጠቁራል፤ ጥላሁን ሲመጣ ግን ድምፁን ከፍ ያደርጋል። ስለ ጦሩ በጎ ነገር የሚያወራው ያኔ ነው፤ ስለ ውጊያው ሳይሆን ስለ ካምፕ፣ ስለ ክበብ፣ ስለ ባንዱ። ልጆቹ የአባቶቻቸውን ሠራዊት ከታሪክ መጽሐፍ በፊት በዚህ በኩል አወቁት። እኔ እንደሚመስለኝ ይህ ከየትኛውም የጦር ሜዳ ትረካ ይሻላል፤ ቢያንስ ማንንም አያጣላም።

የጦሩና የዘፈኑ ነገር ከጀሪፍ አካባቢ ጋርም ይያያዛል። ከሰፈሩ ወደ ደቡብ ምሥራቅ፣ ዓባይን ወደ ላይ ተከትሎ ሲኬድ ሶባ ይገኛል። በ1932 ዓ.ም. ክረምት ንጉሠ ነገሥቱ ካርቱም ከገቡ በኋላ ስደተኛ ኢትዮጵያውያን የመኮንንነት ሥልጠና ያገኙት እዚያ ነው። ከሠልጣኞቹ አንዱ መንግሥቱ ንዋይ ነበር። በኋላ ጄኔራል ሆኖ የክቡር ዘበኛ አዛዥ የሆነው፣ የጥላሁን ኦርኬስትራ አለቃ ማለት ነው። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የመራው መፈንቅለ መንግሥት ሲከሽፍ እሱ ተሰቀለ፤ ጥላሁንም ታሠረ። ጀሪፍ ሆሽ ውስጥ ጥላሁንን የሚሰማ ልጅ ይህን ሁሉ ያውቃል ማለቴ አይደለም። አባቱ ግን ያውቅ ይሆናል።

ከዘፈኑ ሌላ ትረካ ነበር። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ የተረከው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»፣ ተራኪው በ1982 ዓ.ም. ካረፈ በኋላም እየተደገመ ይሰማ ነበር። ካሴት ያለው ቤት ቀድቶ ያስቀምጠዋል። መንገድ ላይ ዐረብኛ ተናግሮ የሚውል ልጅ፣ ቤት ውስጥ ያለው አማርኛ የእናትና የአባት ጥሪና ቁጣ ብቻ ሲሆን፣ ማታ የመጽሐፉን ባለታሪክ የጉዱ ካሣን ነገር ይሰማል። ግማሹ አይገባውም። ወጋየሁ ግን ሰውን ሁሉ በየድምፁ ይለያይ ስለነበር፣ ቃሉ ያልገባው ልጅ ማን እንደተናገረ አይስትም። ከእናቶች በኩልም ማብራሪያ ይመጣል፤ ትረካው ለማብራራት እስኪቆም አይጠብቅምና ጥያቄና መልሱ በሹክሹክታ ነው።

ኡምዱርማን የዚህ ሁሉ ጎረቤት ነው። ንጉሡ ካርቱም በገቡበት በዚያው በ1932 ዓ.ም. በእንግሊዞች ዘመን የተከፈተ ጣቢያ ነው፤ «ሁና ኡምዱርማን» ብሎ ይጀምራል። የመሐመድ ወርዲና የሰይድ ኸሊፋ ዘፈን ለአባቶችም እንግዳ አልነበረም፤ የሱዳን ሙዚቃ እንደ እኛው በአምስት ድምፅ ቅኝት የሚሄድ በመሆኑ አዲስ አበባም ወዳጅ ነበረው። ልጆቹ ቃሉን ከአባቶቻቸው አሳምረው ያውቁታል። አባትም አንድ መስመር ምን እንደሚል ልጁን ጠይቆ ይረዳል፤ በዚያ ቤት ልጅ አስተማሪ የሚሆንበት ብርቅ ሰዓት።

ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነት ሲፈነዳ የኡምዱርማን ሬዲዮ ሕንፃ በፈጥኖ ደራሹ ኃይል እጅ ገባ፤ የሱዳን ጦር መልሶ የያዘው ከ11 ወር በኋላ፣ መጋቢት 2016 ላይ ነው። የጀሪፍ ሐበሻም ተበተነ፤ በመተማ በኩል ወደ አገሩ የገባ አለ፣ ወደ ሌላ አገር ያለፈም አለ። ቀደም ሲል የመልሶ ሰፈራ ፕሮሰሳቸው ተሳክቶ አውስትራሊያና ካናዳ የደረሱት ልጆች ዛሬ ራሳቸው ወላጆች ናቸው። የወጋየሁን ትረካ በፈለጉበት ሰዓት ከስልክ ያወጡታል፣ አጥርቶም ይሰማል። ልጆቻቸውን አብረው እንዲሰሙ መጥራት ግን ሌላ ትግል ነው፤ እንደ አባቶቻቸው ማዘዝ አይችሉም፣ እያንዳንዱ ልጅ የራሱ ስልክ አለው።