አንድ ቀን በሐይፋ፦ በድንጋይ ላይ ስለ ቀሩ ቋንቋዎች

ማኅበራችን ለአረጋውያንና ለልጅ ልጆቻቸው ያዘጋጀው፣ ልጆቹ «ጢዩል» የሚሉት ጉብኝት ዘንድሮ ወደ ሐይፋ ሆነ። ሐይፋ ዕብራይስጥና ዐረብኛ ጎን ለጎን የሚነገሩባት ከተማ ናት፤ ከአሥር ነዋሪዎቿ አንዱ ወይም ትንሽ በለጥ የሚለው ዐረብ ነው። ገና ከአውቶቡሱ ሳንወርድ አንዲት እናታችን የመንገዱን ሰሌዳ አይተው የልጅ ልጃቸውን «ምን ይላል?» ብለው ጠየቁት፤ እርሱም አነበበላቸው። ቀኑን ሙሉ እንዲሁ ሆነ፤ ትልቁ ጠያቂ፣ ትንሹ መላሽ። በአገራችን ጠያቂው ልጅ፣ መላሹ ሽማግሌ እንደ ነበረ አንባብያን ያውቁታል። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝም ይኸው ነው። (ካልተገለጸ በቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ያየነው በወደቡ አካባቢ የሚገኘውን የድሮውን የምሥራቅ ባቡር ጣቢያ ነው። የቱርክ መንግሥት ከደማስቆ ወደ መዲና የሚወስደውን የሒጃዝ ባቡር ሲዘረጋ፣ በደርዓ በኩል ወደ ሐይፋ የሚወርደው ቅርንጫፍ በ1905 ተከፈተ፤ ትንሿ የባሕር ዳር ከተማም ከዚያ ወዲህ ታላቅ ሆነች። ለባቡሩ መታሰቢያ የቆመ የእብነ በረድ ዓምድ አለ። አስጎብኚያችን ዐረብኛ የሚያውቅ ሰው ነበርና ጽሑፉን እንዲያነብልን ጠየቅነው። ፊደሉን ለቃቅሞ አነበበና ሳቀ፤ «ፊደሉ የዐረብ ነው፣ ቋንቋው ግን የድሮ ቱርክኛ ነው፤ ማንበብ እንጂ መረዳት አልችልም» አለን። ቱርክም ራሷ በ1928 ፊደሏን ወደ ላቲን ስለ ለወጠች፣ የዛሬው የቱርክ ወጣት ያን ዓምድ በቀላሉ አያነበውም። አብረውን የነበሩ ቄስ ይህን ሲሰሙ፣ «የእኛም ሕዝብ ኦሪቱን በግዕዝ ስናነብለት እንዲሁ ነበር፤ ጆሮው ያውቀዋል፣ ትርጉሙን ግን እኛ እንነግረዋለን» አሉ።

ወደቡን እንግሊዞች ሠርተው በ1933 ከፈቱት። እዚህ ላይ ከአገራችን ታሪክ አንድ ነገር መጥቀስ ይገባል። ጣልያን አዲስ አበባ ሊገባ ሲል ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጅቡቲ በኩል ወጥተው፣ «ኢንተርፕራይዝ» በተባለች የእንግሊዝ የጦር መርከብ ተሳፍረው፣ ሚያዝያ 30 ቀን 1928 ዓ.ም. የደረሱት ወደዚሁ ወደብ ነው። ከዚህም በባቡር ወደ ኢየሩሳሌም ሄዱ፤ ጥቂት ቀናት ሰንብተው ከሐይፋ እንደገና በመርከብ ወደ አውሮፓ ተጓዙ። በሚቀጥለው ወር በጄኔቫ በዓለም መንግሥታት ማኅበር ፊት ሲቆሙ፣ ፈረንሳይኛ አሳምረው እያወቁ የተናገሩት በአማርኛ ነበር። በዚያ አዳራሽ አማርኛ የሚሰማ ሰው በጣት የሚቆጠር ነው። ይህን ስናወራ ከልጆቹ አንዱ «ታዲያ ለምን በማይሰሙት ቋንቋ ተናገሩ?» ሲል ጠየቀ። ከአረጋውያኑ ሁለት ሦስት መልስ ተሰጠው፤ አንዱም አላረካውም።

በዚያ ዘመን ሐይፋ የሦስት ቋንቋ ከተማ ነበረች። የእንግሊዝ ሞግዚትነት ደንብ በ1922 ሲጸድቅ በ22ኛው አንቀጹ እንግሊዝኛን፣ ዐረብኛንና ዕብራይስጥን የአገሩ ኦፊሴል ቋንቋዎች አደረገ። እስራኤል በ1948 ስትመሠረት እንግሊዝኛ ከግዴታ ወጣ፤ ሁለቱ ቀሩ። በ2018 በወጣው መሠረታዊ ሕግ ደግሞ ዕብራይስጥ የመንግሥቱ ቋንቋ ሲባል ዐረብኛ «ልዩ ደረጃ ያለው» ተባለ።

ቀጥለን ወደ ጀርመን ሰፈር ሄድን። ቴምፕላር የሚባሉ የጀርመን ክርስቲያኖች በ1868 መጥተው ሰፈሩን ቆረቆሩ፤ ድንጋይ ቤታቸውንም ቀጥ ባለው መንገድ ግራና ቀኝ ሠሩ። ከበራቸው በላይ ከመጽሐፍ ቅዱስ የተወሰደ ቃል በጀርመንኛ ቀርጸዋል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እንግሊዞች ብዙዎቹን የጠላት ዜጎች ናቸው ብለው በ1941 ወደ አውስትራሊያ ወሰዷቸው። ቤቶቹ ግን አሉ፤ ዛሬ ምግብ ቤትና ቡና ቤት ሆነዋል። ከበሩ በታች የተቀመጠው ሰው ቡናውን ይጠጣል እንጂ ከራሱ በላይ የተጻፈውን አያይም። ከዚያው መንገድ ራስ ጀምሮ ተራራውን ይዞ የሚወጣውን የባሃኢዎች አትክልት ከታች ሆነን አየን፤ ስለ ውበቱ ብዙ ተጽፏልና አልፈዋለሁ።

ምሳ ሰዓት ላይ ዋዲ ኒስናስ ደረስን። ይህ የዐረቦች ሰፈር ነው። ልጆቹ ፈላፍል ሊገዙ ሮጡ፤ አረጋውያኑ ግን እንደ ልማዳቸው ከቤት ያመጡትን ዳቦ አወጡ። ከ1948 በፊት በሐይፋ ከ60 ሺህ በላይ ዐረቦች ይኖሩ ነበር። በዚያ ዓመት ሚያዝያ ወር በነበረው ውጊያ ከጥቂት ሺህ በቀር ሁሉም ከተማዋን ለቀው ወጡ፤ ከቀሩትም አብዛኞቹ በዚህ ሰፈር እንዲሰበሰቡ ተደረገ። በዐረብኛ ይጽፍ የነበረው የሐይፋ ተወላጅ ኤሚል ሐቢቢ በ1992 የእስራኤልን የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ተቀብሏል፤ በ1996 ሲሞትም በመቃብሩ ላይ በሐይፋ መቅረቱን የሚናገር ቃል እንዲጻፍለት ተናዝዞ ነበር። ከሰፈሩ አጠገብ ወደ ላይ የሚወጣው ጎዳና ራሱ ታሪክ ነው። ዐረቦቹ የተራራ መንገድ ይሉት ነበር፤ ኋላ የተባበሩት መንግሥታት ጎዳና ተባለ፤ የተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ በ1975 ጽዮናዊነትን ከዘረኝነት ሲቆጥር ከተማዋ ስሙን አንሥታ የጽዮናዊነት ጎዳና አለችው። ውሳኔው በ1991 ተሻረ፤ የመንገዱ ስም ግን እንደ ተለወጠ ቀረ።

ከሁሉ ይልቅ ብዙ ጊዜ የቆየነው ሀዳር በሚባለው ሰፈር፣ በቀድሞው የቴክኒዮን ሕንጻ ነው። ሕንጻው አሌክሳንደር ቤርዋልድ የሚባል አርክቴክት የነደፈው ሲሆን የመሠረት ድንጋዩ በ1912 ተጣለ፤ ዛሬ የሳይንስ ሙዚየም ነው። ትምህርት ገና ሳይጀመር በ1913 ትልቅ ጠብ ተነሣ። ሥራውን የያዘው የጀርመን አይሁድ የረድኤት ማኅበር ሳይንሱ በጀርመንኛ ይሰጥ ብሎ ወሰነ። ምክንያቱ ሞኝነት አልነበረም፤ ዕብራይስጥ የጸሎትና የመጽሐፍ ቋንቋ ነው፣ ለምሕንድስና ቃልም መጽሐፍም የለውም የሚል ነበር። በዚህ የተነሣ መምህራንና ተማሪዎች አመፁ፤ ብዙዎቹም የማኅበሩን ትምህርት ቤቶች ጥለው ወጡ። አሐድ ሀዓምና ሽማርያሁ ሌቪን ከአስተዳደር ቦርዱ ለቀቁ። «የቋንቋዎች ጦርነት» ተባለ። በየካቲት 1914 ሒሳብና ፊዚክስ ከመጀመሪያው በዕብራይስጥ እንዲሰጡ ተስማሙ፤ ይሁን እንጂ የዓለም ጦርነት ተነሣና ትምህርቱ የተጀመረው በ1924 ነው። ቃሉ ካልተፈለገ አይገኝም፤ ፈለጉና አንድ በአንድ አወጡለት።

በእውነቱ ዕብራይስጥን ያሸነፉት ሰዎች ለሌላው ቋንቋ ሁሉ ደጎች አልነበሩም። እናቶቻቸው የሚናገሩትን ዪዲሽ ንቀውታል፤ እኛም በ1980ዎቹ ስንመጣ የብዙዎቻችን ስም ወደ ዕብራይስጥ ተለውጧል። ነገር ግን በዚያ አዳራሽ ቆሜ የሰማሁት ክርክር በየቤታችን ያለው ክርክር ነው። ልጆቻችን አማርኛውን ወይም ትግርኛውን ለወጥ፣ ለለቅሶና ለቁጣ ትተውታል፤ ስለ ኮምፒዩተር፣ ስለ ሕግ፣ ስለ ሕክምና ሲናገሩ ወዲያው ይለውጣሉ። ለምን ብንላቸው «ቃል የለውም» ይሉናል። እኛም ቃሉን አልፈለግንላቸውም። ከሐኪም ዘንድ ስንሄድ የአሥር ዓመት ልጅ ይዘን ሕመማችንን በእርሱ አፍ የምንናገረው ከዚህ የተነሣ ነው፤ ልጁም ሊሰማው የማይገባውን ይሰማል።

ሲመሽ በአውቶቡስ ውስጥ አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ «ቴክኒዮን በአማርኛ ምን ይባላል?» ብላ ጠየቀች። አንዱ «የምሕንድስና ትምህርት ቤት» አለ፤ ረዝሟል ተባለ። ሌላው «የጥበበ እድ ቤት» አለ። ከኋላ ወንበር የተቀመጡ፣ በጎንደር አገር አንጥረኛ የነበሩ አባት፣ «የባለ እጅ ቤት በሉት እንጂ» አሉ። ብዙዎች ደነገጡ፤ ባለ እጅ፣ ጠይብ እየተባልን የተሰደብንበት ቃል ነውና። እርሳቸው ግን ቀጠሉ፦ «እኛ ማረሻ ስንቀጠቅጥ በሰፈራቸው አላስጠጉንም፤ እዚህ ለባለ እጅ ቤተ መንግሥት ሠርተውለታል፤ ታዲያ ምን ያሳፍራል?» ቄሱ ደግሞ ጠይብ ማለት ከጠቢብ የመጣ ነውና «ቤተ ጠቢባን» ይሻላል አሉ። ተማሪዋ ሁሉንም በደብተሯ በፊደል ለመጻፍ ሞከረች፤ «ጠ»ን ከ«ጸ» ስታምታታ አንዲት እናት ጣቷን ይዘው አሳዩአት። ከመንደራችን ስንደርስ ስሙ ገና አልተቆረጠም ነበር።