እርሙ ያልወጣ ደራሲ

በአገራችን ባህል ሞት የራሱ ሥርዓት አለው። መርዶ ነጋሪ በማለዳ በር ያንኳኳል፤ ድንኳን ይተከላል፤ አልቃሽ ሙሾ ታወርዳለች። ሰው በሩቅ አገር ሞቶ አስከሬኑ ባይገኝ እንኳ ወገኖቹ ልብሱን ወይም ፎቶግራፉን አስቀምጠው ያለቅሱለታል፤ እርማቸውንም ያወጣሉ። ይህ ሁሉ የሚሆነው ግን መርዶ ሲኖር ነው። መርዶ ነጋሪ ያልመጣበት ቤት ምን ያድርግ? ሞቷል ብሎ እንዳያለቅስ የዓይን ምስክር የለውም፤ ይመለሳል ብሎ እንዳይጠብቅ ዓመታቱ አይፈቅዱለትም። የደራሲ በዓሉ ግርማ ታሪክ የዚህ ዓይነቱ ቤት ታሪክ ነው።

በዓሉ የካቲት 6 ቀን 1976 ዓ.ም. ከቤቱ ወጥቶ አልተመለሰም። ይነዳት የነበረችው መኪና ወደ ቃሊቲ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለ ባለቤቷ ተገኘች። ከዚያች ዕለት ወዲህ ከ40 ዓመት በላይ አልፏል። በጊዜው የነበረው መንግሥት የጸጥታ ሰዎች ወስደው ገደሉት የሚለው እምነት በሕዝቡ ዘንድ የጸና ቢሆንም፣ መቃብሩ ግን እስከ ዛሬ አልታወቀም።

ይህ ሰው ማን ነበር? በኢሉባቦር ተወለደ፤ በአዲስ አበባ ተማረ፤ ለከፍተኛ ትምህርት አሜሪካ ተሻግሮ ተመለሰ። እንጀራው ጋዜጠኝነት ነበር። የ«መነን» መጽሔትንና የ«አዲስ ዘመን» ጋዜጣን በአዘጋጅነት መርቷል፤ በማስታወቂያ ሚኒስቴርም እስከ ከፍተኛ ሥልጣን ደርሷል። ከዚህ ሁሉ የሥራ ውጥረት በተረፈችው ጊዜ ከ1962 እስከ 1975 ዓ.ም. ድረስ «ከአድማስ ባሻገር»፣ «የኅሊና ደወል»፣ «የቀይ ኮከብ ጥሪ»፣ «ደራሲው»፣ «ሐዲስ» እና «ኦሮማይ» የተባሉ ስድስት ልብ ወለዶችን አበረከተ። በ13 ዓመት ስድስት መጻሕፍት! ሲሰወር ገና በአርባዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ላይ ነበር። ብዕር የጨበጠ ሰው ሁሉ ይህ ዕድሜ ምን ማለት እንደ ሆነ ያውቀዋል፤ የወጣትነት ጥድፊያ ሰክኖ ብስለት ፍሬ የሚሰጥበት ወቅት ነው።

የመጨረሻው መጽሐፉ «ኦሮማይ» የቆመው በ1974 ዓ.ም. በኤርትራ በተካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ ላይ ነው። በዓሉ ዘመቻውን በማስታወቂያ ሥራ ላይ ሆኖ በቅርብ ተመልክቶታል። ጋዜጠኛው ጸጋዬ ኃይለ ማርያም ወደ አሥመራ ይሄዳል፤ ከፊያሜታ ጋር ይፋቀራል፤ የዘመቻው ተስፋ ግን በናቅፋ ተራሮች ላይ ይመክናል። ርእሱ ራሱ «አበቃ፣ ከእንግዲህ የለም» የሚል ስሜት ያዘለ የአሥመራ ሰዎች ቃል ነው። አንባቢ በገጸ ባሕርያቱ ጀርባ የዘመኑን ባለሥልጣናት መልክ ለየ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባል፤ መጽሐፉን ያሳተመው ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት የመንግሥት ድርጅት ነበር። ስለዚህ መጽሐፉን ለሕዝብ ያቀረበውም፣ ብዙ ሳይቆይ ከገበያ የሰበሰበውም ያው አንድ መንግሥት ነው። ደራሲው ከሥራው ተባረረ፤ በመጨረሻም ራሱ ታጣ። ከመሰብሰብ የተረፉት ቅጂዎች ግን በድብቅ ከእጅ ወደ እጅ ተላለፉ።

የተሰወረ መቃብር ሁሉ ተሰውሮ አይቀርም። በ1967 ዓ.ም. ያረፉት የዐፄ ኃይለ ሥላሴ አፅም በ1984 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥት ወለል ሥር ወጥቶ፣ በ1993 ዓ.ም. በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ዐርፏል። በ1971 ዓ.ም. ታፍነው የተወሰዱት የቄስ ጉዲና ቱምሳ አስከሬንም የመንግሥት ለውጥ ከመጣ በኋላ ተገኝቶ በወግ ተቀብሯል። ከሁለቱም መቃብር ጀርባ ቦታውን የሚያውቅና በስተመጨረሻ አፉን የከፈተ ሰው ነበር። ሰውን መሰወር የአንድ ሰው ብቻ ሥራ አይደለም፤ ያዘዘ፣ የነዳ፣ የጠበቀ፣ የቆፈረ ይኖራል። ስለ በዓሉ ግን የሚያውቀው ሁሉ ዝም እንዳለ ዓመታቱ ነጎዱ። ከጥይት በላይ የሚያስፈራው ይህ ዝምታ ነው።

ዝምታው ሌላም ጉዳት አድርሷል። የደራሲው መጥፋት ድርሰቶቹን ጋርዷቸዋል። በየትምህርት ቤቱና በየውይይት መድረኩ በዓሉ ሲነሣ «እንዴት ጠፋ?» እንላለን እንጂ «እንዴት ጻፈ?» ብለን አንጠይቅም። «ኦሮማይ»ን እንኳ የምናነበው እንደ ልብ ወለድ ሳይሆን የገዳዩን ስም እንደሚፈለግበት የክስ መዝገብ ነው። የቢሮ ሥራ ታክቶት ሠዓሊ ልሁን የሚለው የ«ከአድማስ ባሻገር» አበራ ወርቁ፣ በኢሉባቦር ገጠር ለትምህርት የሚታገለው የ«ሐዲስ» መምህር፣ በዚህ ጥላ ሥር ተረስተዋል። አሳዳጆቹ አንድ ሰው ሰወሩ፤ እኛ ደግሞ ሳናውቀው አምስት መጻሕፍት ከዓይናችን ሰወርን።

እንግዲህ ያለብን ዕዳ ሁለት ነው። አንደኛው ለቤተሰቡ ነው፤ የሚያውቅ ሰው በሕይወት ካለ ሳይረፍድ ይናገር፤ መዝገብ ካለም ይከፈት። ይህ የበቀል ጥያቄ አይደለም፤ የመርዶ ጥያቄ ነው። ሁለተኛው ዕዳ የእኛ የመምህራን፣ የከያንያንና የአንባብያን ነው፤ ይህም ስድስቱንም መጻሕፍት እንደ ድርሰት አንብቦ መመዘን፣ ማመስገን፣ መንቀፍም ነው። «ኦሮማይ» በ2017 ዓ.ም. በእንግሊዝኛ ታትሞ ለባዕድ አንባቢ በቅቷል። በገዛ ቋንቋው የተጻፈለት አንባቢ ከዚያ ሊያንስ አይገባም።

የበዓሉ እርም የሚወጣው መርዶው በተነገረ ቀን ነው። እስከዚያ ድረስ የሚጠብቀው ቤቱ ብቻ አይደለም፤ እኛም አብረን በሩ ላይ ቆመናል።