ስክሪኑ ለማን ተሠራ? የሰውና የኮምፒዩተር መስተጋብር ትምህርት በኩዌት

ኩዌታዊው ነጋዴ መሐመድ አል-ሻሪኽ በ1982 አል-አላሚያ የተባለውን ኩባንያ ሲያቋቁሙ (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ከጃፓን የሚመጣ የቤት ኮምፒዩተር አረብኛ አያውቅም ነበር። ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ ግን ያማሃና ሳንዮ የሠሯቸው፣ «ሳኽር» የሚል ስም የያዙ ማሽኖች በኩዌት ሳሎኖች ከቴሌቪዥን ጋር ተገናኝተው የአረብኛ ፊደል ያሳዩ ጀመር። ሳኽር ኤምኤስኤክስ በተባለው ስታንዳርድ የተሠራ ባለ 8 ቢት ኮምፒዩተር ነው። በዛሬ ዓይን አቅሙ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ የፈታው ችግር ግን ከባድ ነበር።

የአረብኛ ፊደል እንደ ቦታው መልኩን ይለውጣል፤ አንዱ ፊደል በቃል መጀመሪያ፣ መካከልና መጨረሻ ላይ የተለያየ ቅርጽ ይይዛል። ጽሑፉ ከቀኝ ወደ ግራ ሲሄድ ቁጥሩ ከግራ ወደ ቀኝ ይጻፋል። ስለዚህ ስልክ ቁጥር ባለበት በአንድ መስመር ውስጥ ጠቋሚው መንገዱን ሁለት ጊዜ መቀየር አለበት። የሳኽር ሰዎች፣ በተለይም የቋንቋ ምርምሩን የመሩት ግብፃዊው መሐንዲስ ነቢል ዓሊ፣ ሥራቸውን የጀመሩት ከቋንቋው ጠባይ ነበር። ነቢል ዓሊ በ1988 ስለ አረብኛና ስለ ኮምፒዩተር ያሳተሙት መጽሐፍ የመጣው ከዚሁ ልምድ ነው። በ1990 ኢራቅ ኩዌትን ስትወር ኩባንያው ወደ ካይሮ ተሰደደ። አል-ሻሪኽ በ2021 የንጉሥ ፋይሰል ሽልማት ተሰጣቸው፤ በ2024 አረፉ።

በየዩኒቨርሲቲው የሚሰጠው የሰውና የኮምፒዩተር መስተጋብር ትምህርት ታሪኩን ከሌላ ቦታ ይጀምራል። ኢቫን ሰዘርላንድ በ1963 በብርሃን እስክሪብቶ ስክሪን ላይ መሳል የሚያስችለውን ስኬችፓድን ሠሩ፤ ዳግላስ ኤንግልባርት በ1968 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ማውስን ለጉባኤ አሳዩ። ዶናልድ ኖርማን በ1988 ስለማይከፈቱ በሮችና ግራ ስለሚያጋቡ ማብሪያዎች ጻፉ፤ ያኮብ ኒልሰንም ዐሥሩን የአጠቃቀም መመዘኛዎች አስቀመጡ። የአሜሪካው የኮምፒዩተር ባለሙያዎች ማኅበር በ1992 ለትምህርቱ ማዕቀፍ ካወጣ ወዲህ የብዙዎቹ ኮርሶች አጥንት ይኸው ነው። ሁሉም ሊታወቅ የሚገባው ነው። ሆኖም በሻዳዲያው የኩዌት ዩኒቨርሲቲ፣ በሳልሚያው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ወይም በምዕራብ ሚሽሪፉ የገልፍ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒዩተር የሚያጠና ተማሪ ከሁሉ በፊት ሳኽርን ማወቅ ይገባዋል። የገዛ አገሩ ኩባንያ ማሽኑን ለተጠቃሚው እንዴት እንዳስገዛው የሚያየው እዚያ ነውና።

ቀጥሎ ደግሞ ተማሪው አሁን በአገሪቱ ማን እንደሚኖር ይጠይቅ። ከኩዌት ሦስት ነዋሪዎች ሁለቱ ገደማ የውጭ ዜጎች ናቸው። በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩት የቤት ሠራተኞች ሲሆኑ፣ ከእነርሱ መካከል በሩመይሲያ፣ በሳልዋና በጃብሪያ ቤቶች የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን ሴቶች አሉ። ብዙዎቹ ስልክ ይይዛሉ።

መንግሥት በሴፕቴምበር 2021 ሳህል የተባለውን መተግበሪያ ሲከፍት የብዙ መሥሪያ ቤቶችን አገልግሎት በአንድ ስክሪን ሰበሰበ። መግቢያው የሲቪል መረጃ ባለሥልጣን ያዘጋጀው የሞባይል መታወቂያ ነው። ሥራው ትልቅ ነው፤ ወረፋ ቀንሷል። ሳህል ሲጀምር ግን በአረብኛ ብቻ ነበር፤ እንግሊዝኛ የተጨመረው ቆይቶ ነው። ከደሴ ወይም ከጂማ ለመጣች ሠራተኛ ሁለቱም የሰው ቋንቋ ናቸው። በ2015 የወጣው ቁጥር 68 የቤት ሠራተኞች ሕግ በቀን ከ12 ሰዓት በላይ እንዳትሠራ፣ ሳምንታዊ ዕረፍትና የሚከፈልበት የዓመት ፈቃድ እንድታገኝ፣ ፓስፖርቷም እንዳይያዝባት ይደነግጋል። አንብባ የማትረዳው መብት ግን በማዳሟ፣ ማለትም በአሠሪዋ፣ መልካም ፈቃድ ላይ ይንጠለጠላል።

ይህች ሴት ስልክ መጠቀም አታውቅም ማለት አይደለም። ኢሞ የተባለውን የመልእክት መተግበሪያ ከፍታ ማይክሮፎኑን ትጫናለች፣ ለእናቷ ድምፅ ትልካለች፣ መልሱን ሥራ እየሠራች ታዳምጣለች። በትንሽ ስክሪን ላይ ከ200 በላይ ቅርጽ ያለውን ፊደል መጻፍ ለብዙ ሆሄ ሁለት ጊዜ መንካት ይጠይቃል፤ ድምፅ ግን አንድ ጣት ይበቃዋል። ለንድፍ ባለሙያ ይህ ያለ ምንም ወጪ የተገኘ የምርምር ውጤት ነው።

ከዚህ መነሻ ምን ሊሠራ እንደሚችል በሕንድ ታይቷል። በ2006 የማይክሮሶፍት ሪሰርች ሕንድ ተመራማሪዎቹ ኢንድራኒ ሜዲና ኬንታሮ ቶያማ ከባልደረባቸው ጋር፣ በባንጋሎር ድሃ ሰፈሮች የሚኖሩ የቤት ሠራተኞች ሥራ የሚፈልጉበትን፣ ጽሑፍ የሌለው ፕሮግራም አቀረቡ። ስክሪኑ በሥዕልና በድምፅ ይሠራል። ጠቃሚው ነገር ዝርዝሩ ውስጥ ነው፦ የምድጃና የዕቃ ማጠቢያ ሥዕል ለሴቶቹ ቦታን እንጂ ሥራን አልነገራቸውም፤ እንፋሎት ሲወጣና ከቧንቧው ውኃ ሲፈስ ሲያዩ ግን «ማብሰል»፣ «ማጠብ» እንደሆነ ገባቸው። ከዚያም ተመራማሪዎቹ ፕሮግራሙ ለምን እንደተሠራና መረጃው ከየት እንደሚመጣ የሚተርክ አጭር ቪዲዮ ጨመሩ፤ ሴቶቹን እንዲያመነቱ ያደረጋቸው ሌላው ነገር ኮምፒዩተሩ ለእነርሱ ምን ሊያደርግላቸው እንደሚችል አለማወቃቸው ነበርና። እዚያ የቤት ሠራተኛዋ ተጠቃሚ ነበረች፤ ደመወዝና ሰፈር አወዳድራ የምትመርጠው እርሷ ነበረች።

በኩዌት የታየው የዚህ ግልባጭ ነው። በኦክቶበር 2019 ይፋ በሆነ ምርመራ የቢቢሲ አረብኛ ጋዜጠኞች ለኩዌት አዲስ የሆኑ ባልና ሚስት መስለው 57 የመተግበሪያ ተጠቃሚዎችን አነጋገሩ፤ የቤት ሠራተኞች በኢንስታግራምና ፎርሴል በተባለው የኩዌት የገበያ መተግበሪያ እንደ ዕቃ ከእጅ ወደ እጅ ሲሸጡ ደረሱበት። ፎርሴል ላይ ሴቶችን በዘር መለየት ይቻል ነበር፤ ዋጋቸውም በየደረጃው ተቀምጧል። ከምርመራው በኋላ መተግበሪያው የቤት ሠራተኞችን ክፍል አነሳ፤ ኢንስታግራምም ለንግዱ ይውል የነበረ አንድ ሃሽታግ አገደ።

ይህ ጉዳይ በሕግ ትምህርት ቤት ብቻ የሚነሳ መሆን የለበትም። የዘር ማጣሪያውን አንድ ሰው ነድፎታል። ለመኪና የሚሠራ ማጣሪያ ለሰውም ይሠራል ብሎ የወሰነ እጅ አለ። በኒልሰን ዐሥር መመዘኛዎች ቢለካ ያ ገጽ ጥሩ ውጤት ሊያመጣ ይችላል፤ ግልጽ፣ ፈጣንና ወጥ ነው። በስክሪኑ ላይ ያለችውን ሴት የሚጠይቅ መመዘኛ ስለሌለ የትምህርቱ ጉድለት እዚህ ላይ ጎልቶ ይወጣል።

የአጠቃቀም ፈተናም እንዲሁ እንደገና ሊታሰብበት ይገባል። ኮርሱ ተፈታኙ የሚያስበውን ጮክ ብሎ እየተናገረ እንዲሠራ ያስተምራል። ማዳሟ በሚቀጥለው ክፍል ያለች ሠራተኛ «ይኼ ግራ ገባኝ» አትልም፤ «ደኅና ነው» ብላ ታልፋለች። የካፊሉ፣ ማለትም የአሠሪ ስፖንሰሯ፣ ፈቃድ የእርሷ ፈቃድ አይደለም። ስለዚህ ተማሪው አርብ ዕረፍት የሚሰጣቸውን ሴቶች ከቤቱ ውጭ ያግኝ፤ ለጊዜያቸው ይክፈል፤ ስማቸውን አይመዝግብ። ስልኩ በሌላ ሰው ሊፈተሽ እንደሚችል አስቦም በአንድ ንክኪ የሚዘጋና ዱካ የማይተው ገጽ ይንደፍ። የሥራ ሰዓትና የተከፈለ ደመወዝ በድምፅ የሚመዘገብበት ትንሽ ፕሮግራም ለአንድ መንፈቀ ዓመት ፕሮጀክት በቂ ነው።

ቋንቋው ከእንግዲህ ሰበብ ሊሆን አይችልም። ግዕዝ ፊደል በ1999 የኮምፒዩተር ፊደላት ስታንዳርድ በሆነው በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ገብቷል፤ ጉግል ትርጉም አማርኛን በ2016 ጨምሯል። አፋን ኦሮሞ በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ ለስክሪን የተለየ ችግር የለበትም። የጎደለው የተቀዳ ጥሩ ድምፅና በትዕግሥት የተፈተነ ሥዕል ነው፤ ይህ ደግሞ በኩዌት ብቻ የሚሠራ አይደለም። ብዙ ሴቶች ወደ ዓረብ አገር በሚሄዱበት በወሎ፣ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ተማሪዎች ኮምቦልቻ ውስጥ አሉ። እነርሱ ድምፁን በአካባቢው አነጋገር ቀድተው ሥዕሎቹን ለጉዞ ከሚዘጋጁት ጋር ይፈትኑ፤ የኩዌት ተማሪዎች ደግሞ ያንኑ ፕሮግራም ዓመታት ከቆዩት ጋር ይፈትኑ። ገና ያልሄደችውና አምስት ዓመት የቆየችው ሴት አንዱን ሥዕል በተለያየ መንገድ ከተረዱት፣ ሥዕሉ እንደገና ይሣላል።