በነቀላና በተከላ መካከል፦ የጉበት ማቆያ ዘዴዎች ታሪክና ስያሜያቸው

«ንቅለ ተከላ» የተባለው የሕክምና ስያሜ ነቀለ እና ተከለ ከሚሉት ግሦች የተመሠረተ ሲሆን፣ ችግኝ ከመደቡ ተነቅሎ በሌላ ስፍራ መተከሉን ያስታውሳል። ስያሜው ሁለቱን ድርጊቶች ቢያጣምርም በመካከላቸው ያለውን ጊዜ አይጠራም። የችግኙ ሥር እንዳይደርቅ የሚጠነቀቅ ገበሬ ግን የዚህን ጊዜ አስጊነት ጠንቅቆ ያውቃል። ስለሆነም የዚህን ጊዜ ታሪክ ተከትለን ተስማሚ ስያሜ እንፈልግለታለን።

በሰው ላይ የመጀመሪያውን የጉበት ንቅለ ተከላ እ.ኤ.አ. በ1963 በዴንቨር ያከናወኑት ቶማስ ስታርዝል ናቸው፤ ታማሚው ሕፃን ግን ከቀዶ ሕክምናው አልተረፈም። ከአንድ ዓመት በላይ የኖረ ታካሚ የተገኘው በ1967 ከተደረገው ንቅለ ተከላ ነው። በቀጣዮቹ ዓመታት በተለመደው አሠራር ጉበቱ በቀዝቃዛ ፈሳሽ ታጥቦ በበረዶ ተከቦ ይቆይ ነበር። ቅዝቃዜ የሕዋሳትን የኦክስጅን ፍላጎት ይቀንሳል እንጂ አያስቀርም፤ ሕዋሳቱም ውሃ እየሳቡ ያብጣሉ። በዚህም የተነሣ የማቆያው ጊዜ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ገደማ ብቻ ነበር። በ1980ዎቹ የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ፎልከርት ቤልዘርና ጄምስ ሳውዛርድ ላክቶባዮኔትና ራፊኖዝ የተባሉ፣ እብጠቱን የሚገቱ ውህዶች ያሉበትን ፈሳሽ አዘጋጁ። የማቆያውም ጊዜ ወደ 20 ሰዓት ገደማ ሊራዘም ቻለ።

እስከዚህ ድረስ ማቆየትና ማቀዝቀዝ በተግባር አንድ ይመስሉ ነበር። ይሁንና በ2013 በለንደን ኪንግስ ኮሌጅ ሆስፒታል፣ በኦክስፎርድ በተፈለሰፈ መሣሪያ ውስጥ በሰውነት ሙቀት የቆየ ጉበት ለታካሚ ተተከለ። በመሣሪያው ውስጥ ኦክስጅን ያዘለ ደም በጉበቱ ይዘዋወራል፤ ጉበቱም ሐሞት ያመነጫል። በ2018 የወጣው የ220 ንቅለ ተከላዎች ጥናት፣ በዚህ ዘዴ አማካይ የማቆያ ጊዜ በ54 ከመቶ ሲረዝም፣ ሳይተከሉ የሚጣሉት ጉበቶች በግማሽ መቀነሳቸውን አረጋገጠ። በዙሪክም ለሦስት ቀናት የቆየ ጉበት በ2021 ተተክሏል። ከዚህ ሌላ፣ ኦክስጅን ያዘለ ቀዝቃዛ ፈሳሽ የሚዘዋወርበት ሦስተኛ ዘዴ አለ።

ከዚህ የምንረዳው «ማቀዝቀዝ» አንዱን ዘዴ እንጂ ጽንሰ ሐሳቡን እንደማይጠራ ነው። «ማከማቸት»ም ለእህልና ለዕቃ እንጂ ለሕያው አካል አይስማማም። በእኛ አስተያየት ጠቅላላው ስያሜ «ጠብቆ ማቆየት» ቢሆን፣ ዘዴዎቹ ደግሞ «በበረዶ ማቆየት»፣ «በቀዝቃዛ ዝውውር ማቆየት» እና «በሙቅ ዝውውር ማቆየት» ቢባሉ ይሻላል። በዚህ አከፋፈል ዋናው ግሥ ዓላማውን፣ ቅጽሉ ዘዴውን ስለሚያመለክት፣ ወደፊት አዲስ ዘዴ ሲመጣ ስያሜው አይፈርስም።

ጉዳዩ የቃላት ምርጫ ብቻ አይደለም። ታካሚ ወይም የለጋሽ ቤተሰብ በሚፈርምበት የስምምነት ጽሑፍ ላይ ተርጓሚው ሦስቱን ዘዴዎች በአንድ ቃል ቢጠራቸው፣ ፈራሚው የተስማማበትን ነገር ሳያውቅ ይቀራል።