የለም የተባለው ዝንባሌ፦ የአንድ ቃልና የአንድ ጥርጣሬ ታሪክ



የዛሬው ንግግሬ ለወንድም ለሴትም የመሳብ ዝንባሌ ስላላቸው ሰዎች ነው። በእንግሊዝኛው ባይሴክሹዋል ይባላሉ። የሳይንስ ታሪክ መምህር እንደ መሆኔ ጥያቄዬ አንድ ነው፦ እነዚህ ሰዎች ስለ ራሳቸው ስሜት የሰጡት ምስክርነት ይህን ያህል ዘመን ሳይታመን የቆየው ለምንድን ነው? የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ ከቃሉ ይጀምራል። ቃሉ የዕፅዋት ተመራማሪዎች ቃል ነበር፤ ወንዴና ሴቴ ክፍሎችን በአንድነት የያዘ አበባ በዚህ ስም ይጠራል። የቡናችን አበባም እንዲሁ ነው። ሐኪሞች ወደ ሰው ሲያመጡት የአበባው ትርጉም አብሮ ተጎተተ። ጀርመናዊው ሪቻርድ ፎን ክራፍት ኤቢንግ በ1886 ለመጀመሪያ ጊዜ አሳትሞ ደጋግሞ ባስፋፋው መጽሐፉ፣ ለሁለቱም ፆታዎች የሚሳቡትን ሰዎች «የሥነ ልቦና ፍናፍንት» በሚል ዓይነት ስያሜ መደባቸው። መደበላለቁ በእኛም ቋንቋ አለ፤ ተማሪዎቼ ባይሴክሹዋልን «ፍናፍንት» ብለው የተረጎሙበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ፍናፍንት ስለ አካል አፈጣጠር የሚነገር ቃል ነው፤ ልብ ወደ ማን እንደሚያዘነብል አይነግረንም።

ሲግመንድ ፍሮይድ በ1905 ዝንባሌው በሰው ሁሉ ውስጥ ከመነሻው አለ አለ። ሐሳቡ ለጋስ ይመስላል። ነገር ግን ሁሉም ሰው ነው ማለት በተለይ ማንም አይደለም ወደ ማለት ይጠጋል። እንዲያውም የእርሱን ትምህርት ከተከተሉት አንዱ ኤድመንድ በርግለር በ1956 ባወጣው መጽሐፍ እንዲህ ያለ ሰው ከነጭራሹ የለም ብሎ ደመደመ።

በመካከሉ የመጣው አልፍሬድ ኪንሴይ ሐኪም አልነበረም፤ ተርቦችን እየሰበሰበ ልዩነታቸውን የሚለካ የእንስሳት ተመራማሪ ነበር። ሁለት ተርቦች አንድ ዓይነት እንደማይሆኑ ዕድሜውን ሙሉ ያየ ሰው፣ የሰው ልጅ በሁለት ሣጥን ይገባል ቢሉት አላመነም። በ1948 ወደ 5,300 የሚጠጉ ወንዶች የሰጡትን ቃል መሠረት አድርጎ ከ0 እስከ 6 የሚደርስ መለኪያ አቀረበ። ባይሴክሹዋል የሚለውን ቃል ግን እርሱም አልወደደውም፤ ምክንያቱም ያው የአበባው ትርጉም ነበር። የስታቲስቲክስ ሊቃውንት በናሙና አመራረጡ ላይ ያነሡት ወቀሳ ተገቢ እንደ ነበር አምናለሁ። ቢሆንም የመለኪያው ሐሳብ ከናሙናው ጉድለት ተርፏል።

በ1980ዎቹ ኤድስ ሲመጣ ጥርጣሬው ወደ ፍርሃት ተለወጠ። የለም ይባል የነበረው ሰው በአንድ ጊዜ በሽታን ከወገን ወደ ወገን የሚያሻግር ድልድይ ተደርጎ ተሣለ። ታማኝ መሆን አይችሉም የሚለው ወሬም በዚህ ዘመን በረታ። ወሬው በሎጂክ ረገድ ደካማ ነው። ለሴቶች የሚሳብ ወንድ አንዲቱን ካገባ በኋላ ከሌሎቹ ሴቶች ሁሉ ጋር ካልሆንኩ ጎደለብኝ ይላል ብለን አንገምትም፤ ለሁለቱም ፆታዎች የሚሳበውን ስንመዝን ግን ሚዛኑን እንቀይራለን።

ረዘም አድርጌ ላነሣው የምፈልገው የ2005ቱን ጥናት ነው። በአሜሪካ ጌሩልፍ ሪገር፣ ሜሬዲት ቺቨርስና ማይክል ቤይሊ ተሳታፊ ወንዶችን ፊልም እያሳዩ የሰውነታቸውን ምላሽ በመሣሪያ ለኩ። ለሁለቱም እንሳባለን ያሉት 33 ብቻ ነበሩ፤ በቂ ምላሽ ያላሳዩት ደግሞ ከስሌቱ ወጡ። የቀሩት የብዙዎቹ ምላሽ ወደ አንዱ ፆታ ያጋደለ ሆኖ ተገኘ። አንድ ታላቅ የኒውዮርክ ጋዜጣ ውጤቱን ሲዘግብ እነዚህን ሰዎች በርዕሱ ላይ ከዋሾ ጋር አጣመራቸው። ልብ በሉ፤ መሣሪያው የለካው የሥጋን ምላሽ ነበር፤ ርዕሱ የፈረደው ግን በሰዎቹ ቃል ላይ ነው።

ከዚያ የሆነውን ጋዜጦቹ በዚያው ድምቀት አልነገሩንም። በ2008 ሊሳ ዳይመንድ 79 ሴቶችን ለአሥር ዓመት ተከታትላ ያገኘችውን አሳተመች። ዝንባሌው ወደ ሌላ መሸጋገሪያ ወቅት ነው የሚባለው ቢሆን ኖሮ ከዓመታት በኋላ አብዛኞቹ ወደ አንዱ ወገን በተጠቃለሉ ነበር፤ አልተጠቃለሉም። በ2011 ደግሞ ቤይሊ ራሱ ከባልደረቦቹ ጋር ሙከራውን ደገመው። ለውጡ በመሣሪያው ላይ ሳይሆን በአመራረጡ ላይ ነበር፦ አሁን የተመረጡት ከሁለቱም ፆታዎች ጋር የኖሩበት የፍቅር ታሪክ ያላቸው ወንዶች ነበሩ። ለሁለቱም የሚሆን ምላሽ ተመዘገበ። በ2020 ሪገርና ቤይሊ የተካተቱበት ቡድን በአሜሪካ፣ በብሪታንያና በካናዳ ከተካሄዱ ጥናቶች የ500 ያህል ወንዶችን መረጃ አንድ ላይ መርምሮ ዝንባሌው በወንዶች ዘንድ መኖሩን አጸና። ተመራማሪዎቹ የራሳቸውን ድምዳሜ በራሳቸው እጅ ማረማቸውን አከብራለሁ። አሥራ አምስት ዓመት ግን ለአንድ ሰው ረጅም ነው፤ በ2005 የሃያ ዓመት ወጣት የነበረ ሰው ስለ ራሱ የተናገረው እውነት መሆኑ በመረጃ ሲረጋገጥለት ሠላሳ አምስት ሞልቶታል። እስከዚያው ለቤተሰቡ፣ ለሐኪሙና ለሚወደው ሰው ምን ብሎ እንደኖረ የትኛውም ሠንጠረዥ አያሳይም።

አሁን ወደ ቋንቋችን ልመለስ። እኔ «ለሁለቱም ፆታዎች የሚሳብ» የሚለውን እመርጣለሁ። ይረዝማል፤ አካልን ከዝንባሌ ግን አይደባልቅም። ከዚህ ያጠረና የተሻለ ቃል ያላችሁ በጥያቄው ክፍለ ጊዜ ብታቀርቡልኝ ደስ ይለኛል።