ፒያኖ ያለቅሳል ወይ?

አባቴ የወሎ ሰው ናቸው። ልጅ ሳሉ ከብት ሲጠብቁ ዋሽንት ይነፉ ነበር። አሁንም ሳሎን ውስጥ፣ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ፣ ማንም እንዲነካት የማይፈቅዷት አንዲት የሸምበቆ ዋሽንት አለች። ካመማቸው ወዲህ ግን ትንፋሽ ስለሚያጥራቸው አይነፏትም።

ባለፈው ክረምት አንድ ማታ ላፕቶፔ ላይ ኮድ እየጻፍኩ የግርማ ይፍራሸዋን «አምባሰል» በስፒከር ከፍቼ ነበር። አባባ ሲኒያቸውን እንደያዙ ቆመው ሰሙ።

«አምባሰል ነው?» አሉኝ።

«አዎ አባባ።»

«ጥሩ ነው። ግን ይሄ መሣሪያ አያለቅስም» ብለው ወደ ክፍላቸው ገቡ።

እውነቱን ለመናገር ተናደድኩ። ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ ጀምሮ የፒያኖ ሙዚቃ ስሰማ ነው የኖርኩት። ግን ሙያዬ አንድ ነገር አስተምሮኛል፤ ተጠቃሚው «አይሠራም» ካለህ መጀመሪያ አትከራከረው፣ ለምን እንዳለ ፈልግ። ፈለግኩ። ያገኘሁት መልስ ደግሞ ትንሽ አሳፈረኝ፤ አባቴ ልክ ናቸው። የፒያኖ ታሪክ ራሱ ግማሹ ከዚህ ችግር ጋር የተደረገ ትግል ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1700 አካባቢ ባርቶሎሜዮ ክሪስቶፎሪ የሚባል ጣሊያናዊ መሣሪያ ሠሪ ፍሎረንስ ከተማ ውስጥ ፒያኖን ሠራ። ከዚያ በፊት በነበረው ሃርፕሲኮርድ ጣትህን አበረታህም አለሰለስክም ድምፁ ያው ነበር። ክሪስቶፎሪ ክሩን የምትመታ ትንሽ መዶሻ አስገባ፤ በኃይል ስትነካው ይጮኻል፣ በቀስታ ስትነካው ያንሾካሹካል። ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን መዶሻዋ ክሩን መትታ ወዲያው ትመለሳለች። ከዚያ በኋላ በዚያች ድምፅ ላይ ማድረግ የምትችለው ማቋረጥ ብቻ ነው። ልታሳድጋት፣ ልታንቀጠቅጣት፣ ልትጎትታት አትችልም። እየሞተች ትሄዳለች።

ዋሽንት ነፊ ግን ትንፋሹ እስካለ ድረስ ድምፁን መሐል ላይ ያሳብጠዋል፣ ያከሳዋል፣ ያጎነብሰዋል። አባባ ማልቀስ የሚሉት ይሄንን ነው።

እንግዲህ ለፒያኖ የሚጽፉ ሰዎች ምን አደረጉ? ማታለል ጀመሩ። ጆን ፊልድ የሚባል ሩሲያ የኖረ አየርላንዳዊ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ «ኖክተርን» የሚባል አጭር የሌሊት ሙዚቃ ጻፈ። ቀኝ እጅ ይዘፍናል፤ ግራ እጅ ከሥር እንደ ውኃ ይፈሳል፤ ፔዳሉ ሁሉንም ያያይዛል። እየሞተ ያለው ድምፅ ከሥሩ በሚፈሰው ይሸፈናል። ሾፐን ይሄንን ወስዶ አሳደገው። ተማሪዎቹንም ዘፋኞችን ሄዳችሁ ስሙ ይላቸው ነበር፤ ፒያኖ ለመማር ኦፔራ ቤት ሂዱ እንደማለት ነው። ሜንደልሶን ደግሞ ከ1832 ጀምሮ «ቃል የሌላቸው ዘፈኖች» እያለ መጻሕፍት አሳተመ። በ1842 አንድ ሰው የዘፈኖቹን ትርጉም ሊነግረው ሲሞክር፣ የሚያሻማው ቃል ነው እንጂ ሙዚቃ አይደለም የሚል መልስ ጻፈለት። ቅኔ ሰምቶ ያደገ ሰው ይሄ የሚገባው ይመስለኛል።

አንድ ሰው መድረክ ላይ ብቻውን ፒያኖ ይዞ የሚያመሽበት ዝግጅትም የዚያው ዘመን ፈጠራ ነው። ከዚያ በፊት ኮንሰርት ማለት ዘፋኝ፣ ቫዮሊን፣ ኦርኬስትራ ተደባልቀው የሚቀርቡበት ነበር። በ1839 ፍራንዝ ሊስት ሮም ላይ ብቻውን መጫወት ጀመረ፤ ለአንዲት ልዕልት በጻፈው ደብዳቤም ራሱን ከፈረንሳዩ ንጉሥ ከሉዊ 14ኛ ጋር እያነጻጸረ በድፍረቱ ቀለደ። ሰኔ 9 ቀን 1840 ለንደን ውስጥ ዝግጅቱ «ሪሳይታል» ተብሎ ሲታወጅ ሰዉ ግራ ገባው። ቃሉ ግጥም በቃል ለማነብነብ የሚያገለግል ስለነበር፣ በፒያኖ እንዴት ይነበነባል ብለው ጠየቁ። ሊስት ያን ቀን ካቀረባቸው መካከል የሹበርት ሁለት ዘፈኖች ነበሩ። ሹበርት ከሞተ 12 ዓመት ሊሞላው ተቃርቦ ነበር። ዘፋኝ የለም፣ ቃሉ የለም፣ ዜማው ብቻ በአሥር ጣት።

እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። የመጀመሪያው «ሪሳይታል» ውስጥ እንኳ ፒያኖው የራሱ ያልሆነ ድምፅ ተሸክሞ ነበር።

በዚያው ዘመን የድሮውን ከአዲሱ ጎን የማስቀመጥ ልማድም መጣ። በ1837 ኢግናዝ ሞሼሌስ ለንደን ላይ ባክንና ስካርላቲን የሚያቀርብ «ታሪካዊ ምሽት» አዘጋጅቶ ነበር። በ1885 እና 1886 አንቶን ሩቢንስታይን በአውሮፓ ከተሞች እየዞረ ሰባት ተከታታይ ዝግጅቶችን አቀረበ። የጀመረው ከጥንት የእንግሊዝ ሙዚቃ ነው፤ የጨረሰው በራሱ ዘመን የሩሲያ አቀናባሪዎች። በብዙ ከተሞች ለተማሪዎች በነጻ ደገመው። ሐሳቡ ሙዚየም ማሳየት ብቻ አይመስለኝም። አሮጌውን ሰምተህ ወደ አዲሱ ስትገባ፣ አዲሱ ከየት እንደመጣ ጆሮህ ራሱ ይነግርሃል።

ግርማ ይፍራሸዋም የሚያደርገው ይሄንን ነው። በ1967 እ.ኤ.አ. የተወለደው ግርማ በልጅነቱ ክራር ይጫወት ነበር። ፒያኖን ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት አገኘ፤ ቀጥሎ ቡልጋሪያ፣ ሶፊያ ተማረ። በኮንሰርቶቹ የአውሮፓውያኑን ሥራዎችና የራሱን ኢትዮጵያዊ ድርሰቶች ጎን ለጎን ያቀርባል። ሾፐንን ሰምተህ ወደ «ባለዋሽንቱ እረኛ» ስትገባ የሚሰማህ ሌላ ዓለም አይደለም፤ ያው የ200 ዓመት ጥያቄ ነው። ትንፋሽ የሌለውን እንጨትና ብረት እንዴት አድርገን እናዘፍነው?

ግን የአባባ ክስ ገና አላለቀም። አንድ ሌላ ነገር አለ፤ ይሄኛው የኔ ሙያ ነው።

ፒያኖ በአንድ ስምንዮሽ ውስጥ 12 እኩል ደረጃዎች አሉት። እኩል እንዲሆኑ ሲባል ቁጥሮቹ ተጠጋግተዋል። በተፈጥሮ ከዶ እስከ ሚ ያለው የድግግሞሽ ጥምርታ 1.25 ነው፤ በፒያኖ ወደ 1.26 ይጠጋል። ኮድ የምትጽፉ ሰዎች ይሄን ታውቁታላችሁ፤ ቁጥር ማስታወሻ ውስጥ ሲገባ ትንሽ ይቆረጣል፣ ሁሉም ነገር እንዲሠራ ሲባል። የእኛ ቅኝቶች ፒያኖ ላይ ይገኛሉ። ጥቁሮቹን ቁልፎች ብቻ በተርታ ብትነኩ ትዝታ ይወጣችኋል፤ ዛሬውኑ ሞክሩት። አምባሰልም አምስት ቁልፍ ነው፦ ዶ፣ ዝቅ ያለ ሬ፣ ፋ፣ ሶል፣ ዝቅ ያለ ላ። ክራር ደርዳሪ ግን ክሩን የሚቃኘው በራሱ ጆሮና በዘፋኙ ድምፅ ነው። በሁለት ቁልፎች መካከል ያለው ቦታም የሱ ነው።

ታዲያ የአምባሰል ፒያኖ ውሸት ነው? ለብዙ ሳምንታት ይሄ ጥያቄ አልለቀቀኝም። ምክንያቱም አባባ ከብት ሲመልሱ የሚነፏት አንዲት ዜማ አለች። ስም የላትም። የትም አልተቀዳችም። እኔ ዋሽንት አልችልም፤ እሳቸው ትንፋሽ የላቸውም። ስለዚህ ምርጫው በትክክለኛዋና በተጠጋጋችው መካከል አልነበረም። በተጠጋጋችውና በምንም መካከል ነበር።

አንድ እሑድ ትንሿን የኤሌክትሪክ ኪቦርዴን ሳሎን ውስጥ አስቀመጥኩና «አባባ፣ ያቺን የከብቷን ዜማ አንጎራጉሩልኝ» አልኳቸው። መጀመሪያ ሳቁብኝ። በኋላ አንጎራጎሩ። እኔ ቁልፎቹን ፈለግኩ። ሦስተኛዋ ላይ ስንደርስ እጃቸውን አነሱ።

«እሷ ትንሽ ዝቅ ትላለች።»

ከሥሯ ያለውን ቁልፍ ነካሁ።

«አይ፣ እሱ በዛ።»

«አባባ፣ በሁለቱ መካከል ሌላ ቁልፍ የለም።»

ኪቦርዱን ጎንበስ ብለው አዩት፤ የእውነት እየፈለጉ ይመስሉ ነበር። ትንሽ አሰቡና፣ «እንግዲያው አትቆይባት። ነካ አድርገሃት እለፍ» አሉኝ።

ነካ አድርጌ አለፍኩ። አልቅሷል አልልም። እሳቸውም አላሉም። ግን ዓይናቸውን ጨፍነው «ድገመው» አሉኝ።

ያን ቀን በስልኬ ሁለት ፋይል ቀዳሁ። አንደኛው የኔ ፒያኖ ነው፤ ሁለተኛው የሳቸው ጉርጉሮ፣ ከነዚያች ዝቅ ከምትለው ድምፅ ጋር። ሁለቱንም ጎን ለጎን አስቀምጫቸዋለሁ። ለሰው ሳሰማ መጀመሪያ የሳቸውን ነው የምከፍተው።